ቦረቦር ሽቅብ ይበላል

አንድ ሰው ነበረ፤ መሬቱን ጎርፍ የበላበት።

የጠየቅሽኝን ትቼ ተረት የጀመርኩ እንዳይመስልሽ፣ ልጄ። «አሥራ አንድ ዓመት ስለ አየር ንብረት ጮኽን፤ ሰልፍ ወጣን፣ ደብዳቤ ጻፍን፣ በየስብሰባው በር ላይ ቆምን። ምድሪቱ ግን መጋሏን አልተወችም። ተስፋዬን ቆርጫለሁ፤ ከእንግዲህ ምን ላድርግ?» ነው ያልሽኝ። አስተማሪሽ ስለነበርኩ መልስ ያለኝ መስሎሽ መጣሽ። የለኝም። ያለኝ ይህ ሰውዬ ነው።

ገበሬ ነበር። ማሳው ከመንደሩ ማሳዎች ሁሉ በታች፣ ከወንዙ አጠገብ ነው። ድሮ ክረምቱን ሙሉ ቀስ እያለ የሚወርደው ዝናብ በእሱ ዘመን ጠባዩ ተለወጠ፤ ሲጠፋ ከርሞ በአንድ ከሰዓት ይደፋ ጀመር። ጎርፉ ከወንዙ ዳር ተነሥቶ በማሳው ጫፍ አንዲት ስንጥቅ አወጣ። በሦስተኛው ክረምት ስንጥቋ በሬ ቢገባባት የማይወጣባት ቦረቦር ሆነች።

ሰውዬው ጎረቤቶቹን ለመነ። በመንደሩ ወንፈል አለ፤ ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ እየተባባሉ ያርሳሉ፣ ያርማሉ፣ ያጭዳሉ። «አንድ ቀን ብቻ ለድንጋይ ውጡልኝ፤ ቦረቦሩን አብረን እንከትር፤ አለዚያ ሽቅብ እየበላ ወደ እናንተም ይወጣል» አላቸው። ከእሱ በላይ የሚያርሰው ጎረቤቱ ሳቀበት። «አንተ ሰው፣ ውኃ መቼ ነው ሽቅብ የወጣው? ጎርፉ ያንተን ይዞ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ እኛ ምን አገባን!» አለው። ሌሎቹም አብረው ሳቁ። ውኃ ቁልቁል እንደሚወርድ ያውቃሉ፤ ቦረቦር ግን ሽቅብ እየበላ እንደሚወጣ አላወቁም። ባልፈርድባቸው ደስ ባለኝ፤ ግን ነግሯቸው ነበር።

ስለዚህ ብቻውን ከተረ። በየበጋው ድንጋይ ተሸክሞ ደረደረ፣ በየክረምቱ ጎርፉ አፈረሰበት። አንድ ዓመት መሐሉን ከፍ አድርጎ ሠራው፤ ውኃው በጎን ዞሮ ግራና ቀኙን በላ። ሌላ ዓመት የክትሩን ዳርና ዳር አፈሩ ውስጥ ሳይቀብር ተወው፤ እሱም ተጠራርጎ ሄደ። ስምንት ዓመት እንዲህ ቆየ። በስምንተኛው ሐምሌ፣ የቀረችው ጤፉ ከነአፈሯ ተንዳ ገባች። ዶማውን ከቦረቦሩ ውስጥ ወረወረና ቤቱ ገባ። ሚስቱ ሲያለቅስ ያየችው ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሰው መሬት የእኩል እያረሰ ኖረ።

በዓመቱ ቦረቦሩ ሽቅብ ወጥቶ የዚያን የሳቀበትን ሰው ማሳ መብላት ጀመረ። መንደሩ ያኔ ደነገጠ፤ በጥር የድንጋይ ወንፈል ተጠራ። ሰውዬውን ግን ማንም አልጠራውም። ጠልተውት አይደለም። ወንፈል የሚመለስ ነገር ነው፤ ማሳ ለሌለው ሰው በምን ይመለስለታል? እሱም ከደጁ ተቀምጦ የድንጋዩን ድምፅ ሰማና «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ ለሚስቱ።

«እውነትህን ነው» አለችው። «ግን መሐሉን ከፍ እያደረጉ ነው የሚደረድሩት። ውኃ ቀድቼ ስመለስ አይቻቸዋለሁ።»

ሰውዬው ተነሣ፤ የራሱ ዶማ የለምና ተውሶ ወረደ።

ሲያዩት ሥራው ቆመ። የሳቀበት ሰው አቀርቅሮ «ወንድሜ፣ ይህን በምን እንመልስልሃለን? ማሳ የለህም» አለው።

«የለኝም» አለ ሰውዬው። «ጎርፉ ግን አለ። መሐሉን ዝቅ አድርጉት፣ ውኃው በላዩ ይለፍ። ዳርና ዳሩን አፈሩ ውስጥ ቅበሩት።» ይህን ብሎ ጎንበስ አለና የደረደሩትን ያፈርስ ጀመር። እያፈረሰ፣ እንደገና እየደረደረ ያለቅስ ነበር። ቀና ብሎ ሊያየው የደፈረ አልነበረም።

ያ ክትር ክረምቱን ቆመ። የጎረቤቱ ማሳ ሲሶው ሄዷል፤ የቀረው ተረፈ። የሰውዬው ግን አልተመለሰም። እስኪሞት ድረስ በዚያ ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበር ይላሉ።

እንግዲህ ልጄ፣ ሰውዬው አንቺ ነሽ። የሳቁትን ታውቂያቸዋለሽ፤ «እኛ ከላይ ነን፣ አይደርስብንም» ያሉት ናቸው። ቦረቦሩም ይህ ሙቀት ነው። የደረቀው ምንጭ፣ የከሳው ከብት፣ አገሩን ለቆ የተሰደደው ሰው፣ ያ ሁሉ ሄዷል፤ «አይዞሽ፣ ይመለሳል» ብልሽ መዋሸት ነው። ሆኖም አሥራ አንድ ዓመት ሲፈርስብሽ የት የት እንደሚፈርስ አውቀሻል። አሁን ደንግጠው ድንጋይ የሚያነሡት ይህን አያውቁም፤ አንቺን ለመጥራትም ያፍራሉ። ሳትጠሪ ሂጂ። አታልቅሺ አልልሽም፤ እያለቀስሽ ደርድሪ። ከቦረቦሩ በላይ ገና የሰው ማሳ አለ።