የሞት ካባ ጫፍ

«አንድ ሰው ነበረ። ሞት ሆኖ ተሾመ» አሉኝ ጋሽ ዘገየ፣ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ። በቁጣ ነበር የጀመሩት። ቁጣው በእኔ ላይ አልነበረም።

ያን ቀን የጠየቅኳቸው እኔ ነኝ። ወልጄ ሦስት ሳምንት ቀርቼ ነበር። ልጄን አቅፌ ስመለስ ለፈተናው አንድ ቀን ቀርቶታል። ርእሰ መምህሩ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ፣ «ከዐሥራ አምስት ቀን በላይ የቀረ አይፈተንም። የከለከልኩሽ እኔ አይደለሁም፣ መመሪያው ነው» አሉኝ። የግቢው በር ላይ ስደርስ ጋሽ ዘገየን፣ «መመሪያው የት ነው የሚኖረው? ሄጄ ልለምነው» አልኳቸው። እየቀለድኩ አልነበረም። እሳቸው አግዳሚ ወንበራቸውን በእግራቸው ገፋ አድርገው አስቀመጡኝና ነገሩኝ።

በዚያ አገር ሞት መንፈስ አልነበረም። ሹመት ነበር። ዝናብም ሹመት ነው፣ እንቅልፍም ሹመት ነው። ከእናት የተወለደ፣ የሚርበው፣ የሚያስነጥሰው ሰው ይሾምበታል። የሞት ሹም ጥቁር ካባ ይሰጠዋል። ካባውን ለብሶ የነካው ሰው ይሞታል። ሥርዓቱ ደግሞ እንዲህ ነበር፤ ቤት ይገባል፣ መደብ ላይ ይቀመጣል፣ የሚሞተውን ሰው ፊት ያያል፣ ከዚያ በእጁ ይነካል። ፊት ሳያይ አይነካም።

ይህ ሰው ገበሬ ነበረ። ሁለት ልጆች ቀብሯል። ሲሾም ሰው ሁሉ ደስ አለው። «የእኛው ሰው ነው፣ ሐዘን ያውቃል» አሉ። እውነትም መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ይገባል፣ ውኃ ይጠይቃል፣ የታመመውን እጅ ይዞ ስለ እርሻው ያጫውተዋል፣ ከዚያ ነው ሥራውን የሚሠራው። ሲወጣ ዓይኑን ሲጠርግ ያዩት አሉ።

እየዋለ እያደረ ግን መግባቱ ከበደው። እናቶች ፊቱን ያዩታል። መታየቱን አልወደደውም። ስለዚህ ረጅም ዘንግ ቆረጠና ከደጃፍ ቆሞ ይነካ ጀመር። በዘንግ የተነካውም ሞተ። ከሩቅ መንካትም እንደሚገድል ሲያውቅ ከደጃፍ ወደ መስኮት ሄደ። ከመስኮት ሆኖም ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። «ለምን?» የሚል ሰው ሲመጣ መልስ አዘጋጅቷል። «እኔ አይደለሁም፣ ሹመቱ ነው። ካባው ከቆዳዬ ተጣብቋል። ቢወልቅልኝማ የመጀመሪያውን ቀን አውልቄው ነበር።» ሰዎቹም አዘኑለት። ለእሱ አዘኑለት፣ ይገርምሻል።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ወዳሉበት ቤት መጣ። ሽማግሌው ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ሆነው፣ «ምነው ረሳኸኝ» እያሉ ሲጠሩት የከረሙ ናቸው። አጠገባቸው የልጅ ልጃቸው አጥሚት ታጠጣቸዋለች። ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሞት ዘንጉን በመስኮት አስገብቶ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ነካ። የነካው ልጅቷን ነው። ኩባያው ወደቀ። ሽማግሌው፣ «እኔን ነበር እኮ፣ እኔን ነበር» እያሉ ተጣሩ። አልዞረም። ዘንጉን ስቦ መንገዱን ቀጠለ።

የልጅቷ እናት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጭቃው ከእጇ ሳይለቅ ከኋላው ደረሰችበት።

«በሕግ አምላክ» አለችው።

ቆመ። ይሄን አንቺ አታውቂውም፤ እኔ ልጅ ሳለሁ የአጥቢያ ዳኛ ተላላኪ ሆኜ አይቼዋለሁ። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ይቆማል። ከሳሽ የነጠላውን ጫፍ ከተከሳሽ ልብስ ጫፍ ጋር ይቋጥርና ሁለቱ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ድረስ ይሄዳሉ። ቋጠሮውን የሚፈታው ዳኛ ነው። ሞትም ቢሆን የዚያ አገር ሰው ነውና ቆመ። ግን ሳቀባት።

«ከማን ጋር ልትካሰሺ ነው? እኔ አይደለሁም፣ ሹመቱ ነው።»

«ሹመቱ የልብስ ጫፍ አለው?»

«ምን?»

«ካለው የእሱን እቋጥራለሁ። ከሌለው ያንተን።»

ጭቃ በያዘ እጇ ቋጠረችው።

«የልጄን ፊት አይተሃል?» አለችው እየሄዱ።

«ማየት ሥራዬ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ብለው ሾሙህ? በሰው መስኮት ዘንግ ለማስገባትማ የሰፈራችን ሌባ ይበቃ ነበር።»

ችሎቱ ከዛፍ ሥር ነበር። ሰው ተሰብስቧል። ዛፉ ሲታይ የሞት እርምጃ አጠረ። ሴትየዋ እየጎተተችው ደረሱ። ዳኛው ቀና ብለው፣ «ተከሳሹ የትኛው ነው?» ሲሉ ካባው ከትከሻው ወረደ። እንደ ማንኛውም ልብስ ወረደ። ሰውዬው በእጀ ጠባቡ ብቻ ሆኖ በማሳው ውስጥ ሮጠ። ካባው ከነጠላዋ ጫፍ ጋር እንደተቋጠረ መሬት ላይ ቀረ።



«ከዚያስ ካባውን ማን ለበሰው?» አልኳቸው ጋሽ ዘገየን።

«እሱን ተይው። እኔን የሚያቃጥለኝ እሱ አይደለም» አሉ። «ሴትየዋ ካባውን አነሳችው። ከቆዳው የተጣበቀበትን ቦታ ፈለገች። ገለበጠችው፣ ገበሩን በጣቷ ዳሰሰችው። ምንም የለም። ከዚያ ለዳኛው አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። ‹ለመሸሽ የወለቀው ለልጄ ለምን አልወለቀም?› አለች።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺም መመሪያው የት ይኖራል አልሽኝ። የትም አይኖርም። ቤት የለው፣ እጅ የለው። ስምሽን የሰረዘው እጅ ነው፣ የማን እጅ እንደሆነም አንቺም አይተሻል፣ እኔም አውቃለሁ። ነገ ከበላይ መጥተው ‹ይቺን ልጅ ለምን አባረርክ?› ቢሉት ‹እኔ የለሁበትም› ብሎ መመሪያውን እንደ ካባው ያወልቀዋል፣ ታያለሽ። ርእሰ መምህሩም እዚሁ ነው የተማረው። የፈተና ቀን አርፍዶ፣ እዚህ የበሩ ብረት ላይ ግንባሩን ደግፎ ሲያለቅስ አገኘሁት። ያኔም መመሪያ ነበር። ያረፈደ አይገባም ይላል። በሩን የከፈተለት ግን መመሪያው አልነበረም፣ እኔ ነኝ።»

ልጄ ነቃች። ጡቴን እስክትይዝ ድረስ ጋሽ ዘገየ ወደ በሩ ዞረው ቆሙ።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ከፈቱልኝ። ርእሰ መምህሩ በረንዳው ላይ ቆመው የተፈታኞችን ስም እየጠሩ ነበር። የእኔ አልተጠራም። ያን ዓመት አልተፈተንኩም፣ ከዚያ ወዲህም ወደ ትምህርት አልተመለስኩም። ግን ስሙ ተጠርቶ ሲያልቅ ልጄን ለጋሽ ዘገየ አቀበልኳቸውና ወደ በረንዳው ወጣሁ። ርእሰ መምህሩ፣ «ነገርኩሽ እኮ» አሉኝ፣ አሁንም ወረቀቱን እያዩ።

የነጠላዬን ጫፍ ከኮታቸው ጫፍ ጋር ቋጠርኩት። መጀመሪያ ላላብኝ። ፊቴን እስኪያዩ ድረስ ጠበቅኩና አጠበቅኩት።