ጨው ሊጨምርላት የዞረው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ሁለት ላሞቹ በአንድ ክረምት ሁለት እንስት ጥጆች ወለዱለት።

አባ ይህን ተረት የጀመሩት ከፊታቸው የተቀመጠችው ሴት ጥያቄዋን ከጨረሰች በኋላ ነው። ሴትዮዋ ልጇን ትርሲትን ይዛ ጠበል ቦታው የደረሰችው ትናንት ነበር። ትርሲት ጠዋት አንገቷን አቅፋ ካላንቺ ማን አለኝ ትላታለች፤ ከሰዓት በኋላ በዚያው አፏ ጠላቴ ነሽ ትላታለች። እናቷ ጎረቤት ሄዳ ትንሽ ከቆየች የገዛ ክንዷን ታቆስላለች። ሐኪሙ የስብዕና መታወክ ነው ብሏት ነበር፤ ከየት እንደመጣ ሲያስረዳት ግን አልገባትም። ስለዚህ አባን ጠየቀች።

«ልጄን እንዲህ ያደረጋት ምንድን ነው? እኔ እኮ ሳላጎድልባት ነው ያሳደግኋት።»

ያልነገረቻቸው ነገርም ነበር። ከቤት ስትወጣ ለልጇ ልብስ ስትይዝ ለራሷ አልያዘችም። ነገ ማለዳ ትታት ልትመለስ ነበር። ደክሟት ነበር፤ እግዚአብሔርም ድካሟን የሚያውቅላት ይመስላት ነበር።

«ላም አልበሽ ታውቂያለሽ» አሉ አባ። «ጥጃዋ ካልጠባቻት ወተት አታወርድም። ስለዚህ ጥጃዋን ትንሽ ያስጠቧትና ወተቱ ሲወርድ ከጡቱ ላይ ነጥቀው ያስሯታል። አንደኛዋ ጥጃ ደንዳና ነበረች፤ ሲነጥቋት ገለባ እያሸተተች ትቆያለች። ሁለተኛዋ ግን ስስ ሆና ተፈጠረች፤ ዝንብ ሲያርፍባት እንኳ መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል።

«ገበሬው ክፉ አልነበረም። ወተት የሚፈልግ ሰው ነበር። ደስ ባለው ቀን እስክትጠግብ ይተዋታል፤ እንግዳ በመጣ ቀን ገና አፏን ሳታርስ ይነጥቃታል። የትኛው ቀን የትኛው እንደሆነ ጥጃዋ በምን ትወቀው? ቀስ ብላ ስትጮኽ የሚሰማት የለም። ‹አመለኛ ናት፤ ጓደኛዋን አታዩም?› ይላሉ።»

ሴትዮዋ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። እሷም ገበያ ስትወጣ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ድምጿን ዋጥ አድርጋ የምታለቅስ ሕፃን ነበረቻት። ‹ተይ ይሄን አመልሽን› እያለች ነበር የምታልፋት።

«አንድ ቀን» አሉ አባ «ጥጃዋ በገመዱ ተጠላልፋ ወድቃ ስትታነቅ ቤተሰቡ ሁሉ እየሮጠ መጣ። አሻሿት፤ ወደ እናቷም ለቀቋት። ከዚያ ወዲህ ሲርባት መጮኹን ተወች። በገመዱ መታነቅ ጀመረች።

«አደገች፤ ጊደር ሆነች። የቀረባትን ሰው እጁ እስኪላጥ ትልሰዋለች፤ ሊሄድ ሲነሳ ትወጋዋለች። በመጨረሻ ገበሬው አዘነላትና ገመዱን ፈትቶ እሳት ውስጥ ጣለው። በማግስቱ ሲመጣ የበረቱ በር ክፍት ነው፤ ጊደሯ ግን ችካሉ አጠገብ ቆማለች። ድሮ ገመዱ ከሚያደርሳት አላለፈችም። በመዳፉ ጨው ሰጣት፤ ዓይኗን ጨፍና ላሰች። ጨዉ ሲያልቅ ሊጨምርላት ዞረ። ጀርባውን እንዳየች ወጋችው።»



«ከዚያስ?» አለች ሴትዮዋ።

«ቁስሉ ሲደርቅ ሸጣት። የገዛትም ሸጣት።»

«ተስፋ አልነበራትም?»

«ብትወጋውም የማይሸጣት፣ ጠዋትም ማታም ያው ሆኖ የሚቆይላት ሰው ብታገኝ ምናልባት ትለዝብ ነበር። ብዙ ዓመት ይፈጃል። አላገኘችም። ላሳምርልሽ አልችልም።»

ከዚያ ወደ እሷ ዞረው እንዲህ አሏት።

«ትርሲት ያቺ ጊደር ናት፣ ልጄ። ክፉ እናት ነሽ አላልኩሽም። ስስ ሆና ነው የተወለደችው፤ ሌላው ልጅ ችሎ የሚያልፈውን እሷ አልቻለችም። ደስ ሲልሽ አቀፍሻት፤ ኑሮ ሲያስመርርሽ ገፋሻት። ቀስ ብላ ስታለቅስ አመል ነው አልሽ፤ ደም ስታዪ ሮጥሽ። ዛሬ ገመዱ የለም፤ አንገቷ ግን እስካሁን ይጠብቀዋል። ስታቅፊያት የሚታያት የምትነጥቂበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ቀድማ ትወጋሻለች።»

ሴትዮዋ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። አባ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቅድም ልጅሽ እዚህ መጥታ ነበር። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ‹አባ፣ ሻንጣው ውስጥ የእናቴ ልብስ የለም› አለችኝና ወጣች። ገበሬው እንኳ የዞረው ጨው ሊጨምርላት ነበር። አንቺስ ልጄ፣ ነገ የምትዞሪው ለምንድን ነው?»