ሰባት ቤት የሚቆጥረው አሮጌ ኮምፒውተር

በአንድ ወቅት፣ ኮምፒውተር ዳንቴል ለብሶ ሳሎን ውስጥ እንደ እንግዳ በሚከበርበት ዘመን፣ በቢቸና ከተማ አቶ ደምረው የሚባሉ የዘር ሐረግ ቆጣሪ ነበሩ። ወንድና ሴት ከመተጫጨታቸው በፊት ሽማግሌዎች እርሳቸው ዘንድ ይሄዳሉ። እርሳቸውም የሁለቱን ወገን አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወደ ላይ ይቆጥሩና ሰባት ቤት መራራቃቸውን ያረጋግጣሉ። ሰባት ከሞላ እልል ነው፤ ካልሞላ ጋብቻ የለም። ሲቆጥሩ ከአባታቸው የወረሷትን ከዘራ ይይዛሉ። ከዘራዋ ላይ ሰባት ቀለበት ተቀርጾባታል፤ አንድ ስም በተጠራ ቁጥር ጣታቸው አንድ ቀለበት ይሻገራል።

አባታቸው ይህን ሁሉ በቃላቸው ይዘውት ነበር። አቶ ደምረው ግን የወረዳ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆነው የኖሩ ሰው ናቸውና ጡረታ ሲወጡ ስሞቹን በኮምፒውተር ማስፈር ጀመሩ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከቄሱም፣ ከለቀስተኛውም፣ ከእድርተኛውም እየጠየቁ ጻፉ። ኮምፒውተሩም አብሯቸው አረጀ። ሲከፈት እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ሃያ ደቂቃ ከሠራ በኋላ ድርግም ይላል። ከዚያ እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ቀን መጠበቅ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አቶ ደምረው ለማንም ያልነገሩት ሌላ ችግር ነበራቸው፤ እርሳቸውም መርሳት ጀምረዋል። ከአራተኛው ቤት በላይ ያለው ስም ከአእምሯቸው ጠፍቷል። ሰው ሲጠይቃቸው «ቆይ፣ በሥርዓቱ ላጣራው» ይሉና ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳሉ። ሰዉ ጥንቃቄ ይመስለዋል። እርሳቸው ግን ያ ሣጥን የተቃጠለ ቀን ቆጣሪው ደምረው የሚባል ሰው እንደማይኖር ያውቁታል፤ በዚህም ፈርተዋል።

እንዲህ እንዳሉ ከደብረ ወርቅ ሽማግሌ መጣ። የተጠየቀችው ሌላ ሰው አይደለችም፣ የገዛ የልጅ ልጃቸው ሕብስት ናት። የሴት ልጃቸው የፋናዬ አንድ ልጅ ናት። ሽማግሌዎቹ ሊያገባት የፈለገውን ልጅ የምናለን የአያቶች ስም ዝርዝር ትተው ለሦስት ሳምንት ቀጠሮ ይዘው ሄዱ። አቶ ደምረው በዚያው ምሽት ኮምፒውተሩን ቢከፍቱት፣ ይባስ ብሎ በስምንተኛው ደቂቃ ጠፋ።

ሦስቱን ልጆቻቸውን ጠሩ።

የበኩሩ ይበልጣል የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። ዳንቴሉን በሁለት ጣቱ አነሣና ሣጥኑን አንኳኳ። «ይታደስ» አለ። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

ፋናዬ ባሕር ዳር የጨርቅ ሱቅ አላት። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነብን እኮ!» አለች። «አባባ፣ ይህ ይጣል። አዲስ ይገዛ።»

የመጨረሻው አንለይ፣ ከአባቱ ጋር የሚኖረው መምህር፣ ሁለቱንም እያየ ዝም አለ። ዝም ያለው ብልህ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ቶሎ መናገር አይሆንለትም ይላሉ።

ክርክሩ ሲረዝም አቶ ደምረው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉ። «እኔ ደክሞኛል» አሉ። «ይህን ቆጠራ ያዳነ ልጅ ከዘራዬን ይወስዳል። ከእኔ በኋላም ቆጣሪው እርሱ ነው።»

ይበልጣል በማግሥቱ ሣጥኑን ፈታው። ውስጡ በአቧራ ተጠቅጥቋል። ጥፋቱ የማን እንደሆነም ያኔ ታወቀ፤ አቶ ደምረው ሟች ባለቤታቸው የሠሩትን ዳንቴል ኮምፒውተሩ እየሠራ እንኳ አያነሡትም ነበር፣ ስለዚህ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ኖሯል። ይበልጣል አቧራውን አራገፈ፣ ፋኑን ለወጠ፣ ሚሞሪ ጨመረ፣ አዲስ ዲስክም አስገባ። ባለሙያ የተባሉት ሁሉ «ፎርማት አድርገው፣ ቆሻሻውን ጥለህ አዲስ ጀምር» ቢሉትም አሻፈረኝ አለ። አሮጌው ዲስክ ላይ የነበረውን አንድም ሳያስቀር ወደ አዲሱ አሻገረው። ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ ዋለ። አቶ ደምረው ደስ ብሏቸው ሦስት ጊዜ አጥፍተው ከፈቱት።

ፋናዬ ደግሞ በሳምንቱ አዲስ ላፕቶፕ ይዛ ከች አለች። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ መብራት ቢጠፋ ግማሽ ቀን ይሠራል። የአባቷን ጽሑፍ በፍላሽ ገልብጣ ስትከፍተው ግን ከአያቶቹ ስም በዛብህ የለ፣ ጥሩወርቅ የለች፤ ገጹን የሞላው የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ነው። ጽሑፉ የተጻፈው በድሮ የአማርኛ መጻፊያ ነበርና አዲሱ አላውቅህም አለው። ይበልጣል ሣቁን መደበቅ አልቻለም። ፋናዬ ተናደደች እንጂ ላፕቶፑን አልመለሰችም። «አንድ ቀን ያስፈልጋችኋል» ብላ ጠረጴዛው ላይ ተወችው።

አንለይ ያኔ ወንበሩን በሁለቱ መካከል አስጠጋ። «አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም» አለ። «ይህ ሁሉ ስም አንድ ቦታ ብቻ መቀመጥ የለበትም።» ከአሮጌው እያነበበ፣ በአዲሱ እንደገና ይጽፍ ጀመር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይቀመጣል፣ ቅዳሜና እሑድም አይነሣም። ዐሥራ ሰባት ዓመት የተጻፈውን በዐሥራ አንድ ቀን ጨረሰው።

ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን፣ ይበልጣልና ፋናዬም ለነገሩ በተሰበሰቡበት፣ አባቱን ጠራቸው። «አባባ፣ አንድ ፈረስ ሁለት ሰው ይጥላል?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«የሕብስት ስድስተኛ አያት በዛብህ ይባላል። ሚስቱ ጥሩወርቅ ናት፤ የሞተውም አባይ በረሃ ሲወርድ ፈረስ ጥሎት ነው። የምናለ ስድስተኛ አያት ደግሞ ወልደ ሚካኤል ይባላል። የእርሱም ሚስት ጥሩወርቅ ናት፤ እርሱንም እዚያው በረሃ ፈረስ ጥሎታል።»

አቶ ደምረው ስሞቹን አዩ፤ ምንም አልመጣላቸውም። ይበልጣል ግን ብድግ አለ። ዲስኩን ሲያሻግር ያያት አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ነበረች፣ ሌላ ሰው ቢሆን ቆሻሻ ብሎ የሚጥላት። አሮጌውን ከፍቶ ፈለጋት። አባቱ ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ቄስ የነገሯቸውን የጻፉባት ማስታወሻ ናት፦ «የወልደ ሚካኤል ዓለማዊ ስሙ በዛብህ ነው። ኋላ ይስተካከል።» ኋላ የሚባለው ቀን ሳይመጣ ቀረ። አንዱ ቤተሰብ ሰውየውን በዓለማዊ ስሙ፣ ሌላው ቤተሰብ እርሱንም አባቱንም በክርስትና ስማቸው አስመዝግቦ፣ አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ኖሯል።

ሰባት አልሞላም ማለት ነው። ፋናዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አቶ ደምረው «ነገ ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ መዝገቡንም ራሴ አስተካክላለሁ» አሉና ተኙ። አንለይም መዝገቡን ማረም የቆጣሪው ድርሻ ነው ብሎ ሁለቱን ስም እንዳሉ ተዋቸው።

እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጡ። መብራት የለም፤ ከተማው በሙሉ ጠፍቶበታል። የታደሰው ኮምፒውተር እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። የሚሠራው የፋናዬ ላፕቶፕ ብቻ ነውና እርሷ ከፈተችው።

አቶ ደምረው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ተሰየሙ። ፊታቸው በርቷል። «እንኳን ደኅና መጣችሁ!» አሉ። «በሉ፣ ለልጆቹ በወግ እንቁጠርላቸውና እንመርቅ። ፋናዬ፣ አንብቢ።»

ሦስቱ ልጆች ተያዩ። አባታቸው ረስተዋል። የትናንቱን ሁሉ፣ ፈረሱንም ማስታወሻዋንም ረስተዋል።

ይበልጣል ወለሉን አየ። አንለይ እህቱን አየ። ሁለቱም ነገሩን ለእርሷ ተዉት፤ ልጅቷ የእርሷ ናትና። ከጓዳው በር ጀርባ ሕብስት ቆማ ትሰማለች። ፋናዬ ላፕቶፑ ላይ ያለውን እንዳለ ብታነብ ሁለቱ ስሞች ሁለት ሰው ናቸው፤ ሰባት ይሞላል፤ እልል ይባላል። ማንም አያውቅም።

ማንበብ ጀመረች። የአባቷ ጣት ቀለበቶቹን እየተሻገረ ተከተላት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።

«ስድስተኛ፣ በዛብህ» አለች። «በእነርሱም ወገን ስድስተኛ፣ ወልደ ሚካኤል።» «ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። አንዱ የዓለም ስሙ፣ አንዱ የክርስትና ስሙ ነው። ሰባት አልሞላም፣ አባቶቼ።»

ጓዳው ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ፤ ከዚያ ለቅሶ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ተነሡ። ታላቃቸው በሩ ላይ ዘወር ብለው «ከነውር አዳናችሁን፣ እግዜር ይስጥልን» አሉ። ፋናዬ ላፕቶፑን ዘጋችና ወደ ልጇ ገባች።

አቶ ደምረው ጣታቸውን ስድስተኛው ቀለበት ላይ እንዳደረጉ ቆዩ። መርሳታቸውን ልጆቻቸው እንዳዩባቸው ገብቷቸዋል። አፈሩ፤ ግን ቀለልም አላቸው። ማታ ሦስቱንም ሰብስበው ከዘራዋን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«እኔ አሮጌውን ባላቆየው የሚነበብ ነገር አልነበረም፤ ማስታወሻዋም አትገኝም ነበር» አለ ይበልጣል።

«እኔ ሁለቱን ስም ባላስተውል በስሕተት ትመርቁ ነበር» አለ አንለይ።

ፋናዬ ዐይኗ አብጧል። «እኔ አዲሱን ባላመጣ ዛሬ የሚከፈት አልነበረም» አለች። ቀጥላም፣ «ደግሞ ዝም ማለት እችል ነበር።»

አቶ ደምረው ከዘራዋን አንሥተው ዘረጉ። ወደ አንዱ አደረጓት፣ መለሷት፤ ወደ ሌላው አደረጓት፣ መለሷት። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ፣ ፍረዱ። አሮጌውን ያዳነው፣ አዲሱን አምጥታ በልጇ ላይ እውነት የተናገረችው፣ ወይስ በሁለቱ መካከል ተቀምጦ ያስተዋለው፤ ከዘራዋ ለማን ትገባለች? ብቻ ፍርዱን አታዘግዩት፤ ሽማግሌው የተዘረጋችውን ከዘራ ለምን እንደዘረጓት ሳይረሱ።