የሙሽሮቹ ሰፈርጀል

አንድ ንጉሥ በግብር አዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሥዕል ነበረው። በሥዕሉ ላይ ሰውም ፈረስም የለም፤ መስኮት ላይ የተቀመጠ አንድ ሰፈርጀል ብቻ ነው። ሰፈርጀል ቢጫ ፍሬ ነው። ሽታው ቤት ይሞላል፤ ጥሬውን የነከሰው ሰው ግን ምላሱ ይኮማተራል፣ ጉሮሮው ይታነቃል። ሠዓሊው ጣዕሙን አልሣለም፤ መልኩን ነው የሣለው። ወርቅ አስመስሎ፣ ቆዳውን አለስልሶ፣ በአንድ ጎኑ ትንሽ የጥርስ ምልክት ትቶበት ነበር።

ስለዚያ የጥርስ ምልክት የአገሩ ታሪክ ጸሐፊዎች እንዲህ ይሉ ነበር፦ የመጀመሪያዋ ንግሥት በሠርጓ ዕለት ሰፈርጀል ነክሳ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ ከአፏ ክፉ ቃል አልወጣም። ከዚህ ተረት ሕግ ተወለደ። በዚያ ከተማ የምታገባ ልጅ ሁሉ በሥዕሉ ሥር ቆማ ሰፈርጀል ትነክሳለች። ፈገግ ካለች ታገባለች። ፊቷን ካጨማደደች «አፏ መራራ ነው» ተብላ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ ሁለተኛ የሚጠይቃትም የለም። ዛፉ የሚበቅለው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ብቻ ስለነበረ ከሙሽሮቹ በቀር ፍሬውን የቀመሰ አልነበረም። የሚፈርዱት ሁሉ የሚያውቁት በሥዕሉ ነው።

ፍሬውን በቅርጫት የምታቀርበው ይርገዱ የምትባል፣ ዕድሜዋ ስልሳ ያለፈ ሴት ነበረች። የመኳንንት ልጅ በምትቀርብበት ቀን ይርገዱ ቅርጫቱ ውስጥ ሰፈርጀል አታስገባም፤ ከቆላ የመጣ የበሰለ ዘይቱን ታስገባለች። እሱም ቢጫ ነው፤ ግን ለስላሳና ጣፋጭ ነው። መጀመሪያ ያዘዟት የመኳንንቱ ሚስቶች ናቸው፤ ፈርታ ታዘዘች። በኋላ ግን ማንም ሳያዛት ታደርገው ጀመር። የድሃ ልጅ ስትመጣ እውነተኛውን ሰፈርጀል ታቀርብና «ምን ላድርግ፣ ሕግ ነው» ትላለች።

አንድ ቀን የዋናው ዳኛ ልጅና የሸክላ ሠሪው ልጅ ድንቄ በአንድ ጠዋት ቀረቡ። ሸክላ ሠሪው በሩ ላይ የይርገዱን ነጠላ ጫፍ ያዘ።

«እሜቴ፣ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። አደራዎን!»

«አይዞህ» አለችው። ዓይኑን ግን ማየት አልቻለችም።

የዳኛው ልጅ ቀድማ ነከሰች። ጭማቂው በከንፈሯ ላይ ወረደ።

«እንዴት ነው ልጄ?» አላት አባቷ።

«ማር ነው አባባ!»

«ደም ይናገራል!» አለ ዳኛው ወደ ሰዉ ዞሮ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ።

ድንቄ ተራዋ ደረሰ። ይርገዱ ፍሬውን ስትሰጣት በጆሮዋ፣ «ምላስሽን ከላንቃሽ አጣብቂ፤ ዓይንሽን ሥዕሉ ላይ ትከዪ» አለቻት። ለሁሉም የምትለው ይህንኑ ነበር፤ በዚህችም ምክር ኅሊናዋን ታስተኛው ነበር። ልጅቷ ነከሰች። ጥርሷ እንጨት የነካ ያህል ድምፅ ሰጠ። ጉንጮቿ ተሰበሰቡ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ፊቷ ተጨማደደ።

«ሬት የዋጠች አትመስልም?» አለ አንዱ ባለሟል። ሳቅ ሆነ። ከጎኗ የቆመው ሙሽራዋ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ንጉሡም እጁን አንሥቶ፣ «አፏ መራራ ነው። ሠርጉ ፈርሷል» አለ። ሸክላ ሠሪው ባለበት ቁጭ አለ።

ከዚህ በፊት የተመለሱት ሁሉ አልቅሰው ነበር የወጡት። ድንቄ ግን አላለቀሰችም። የተነከሰውን ፍሬ እንደያዘች ወደ ይርገዱ ዞረች።

«እሜቴ፣ እሷ የበላችውም ይኸንን ነው?»

ይርገዱ «አዎ» ብትል ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር። አፏንም ለዚያ ከፍታ ነበር። ግን የተነከሰው ሰፈርጀል ላይ የጥርስ ደም አየች። ቅርጫቱን መሬት ላይ አኖረች፤ የተነከሱትን ሁለት ፍሬዎች ወስዳ በንጉሡ ፊት ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«ጃንሆይ፣ የዳኛው ልጅ የበላችው ሰፈርጀል አይደለም፤ ዘይቱን ነው። የለወጥኩት እኔ ነኝ። ዘንድሮም፣ አምናም፣ ከዚያ በፊትም።»

«ይቺ ሴት አብዳለች!» ብሎ ዳኛው ብድግ አለ። ዘይቱኑን አንሥቶ ወደ ሥዕሉ አስጠጋው። «ጃንሆይ፣ ይመልከቱልኝ! ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ያማረ! በሥዕሉ ላይ ያለው ይኸው አይደለም? ሰፈርጀል ማለት ይህ ነው። ያኛው ሻካራ ነገር ምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው!»

ታሪክ ጸሐፊዎቹም ሥዕሉን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ።

ይርገዱ ያን ጊዜ ቁጣ ያዛት። የተቆጣችው በዳኛው ብቻ አልነበረም።

«ሥዕል አይነከስም፣ ጌቶች! ስንት ልጅ የመለሳችሁ ሰዎች፣ ፍሬውን ከዘይቱን እንኳ አትለዩትም? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሰፈርጀል ነክሶ የሚያውቅ ወንድ ካለ እስቲ ይነሣ!»

የተነሣ አልነበረም። ንጉሡ ኩራቱ ተነካ። ሰፈርጀሉን ተቀበለና በትልቁ ገመጠ። ወዲያው ግንባሩ ተሸበሸበ፣ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፣ ዓይኑ ተጨፈነ። በሰው ፊት መትፋት ነውር ሆነበት፤ መዋጥ ደግሞ አቃተው።

ድንቄ አንገቷን ሳትደፋ፣ «ጃንሆይ፣ አሁን መራራው አፍዎ ነው ወይስ ፍሬው?» አለች።

ንጉሡ የገመጠውን በእጁ መዳፍ ላይ ተፋውና፣ «ሕጉ ይቅር። ልጅቷ ታግባ» አለ። ድንቄ ሙሽራውን ተመለከተችው። ከዚያ አባቷን ከመሬት አስነሥታ፣ «አባባ፣ ቤታችን እንሂድ። ሲስቁብኝ ዝም ያለ ሰው አላገባም» አለችው። በሥዕሉ ሥር አልፈው ወጡ።

ሥዕሉ እዚያው ቀረ፤ የሚያምር ነዋ! ታሪክ ጸሐፊዎቹም ሕጉን በጥበባቸው የሻሩት ንጉሡ እንደሆኑ ጻፉ። ቀደም ብለው ስለተመለሱት ልጆች ግን አዋጅ አልወጣም፣ ይቅርታም አልተጠየቀም። ይርገዱ ከሥራዋ ተባረረች። ስትወጣ ከዛፉ ሥር የወደቁትን ሰፈርጀሎች ለቅማ ቤቷ ወሰደች፤ ከማር ጋር በዝግታ ቀቀለቻቸው። ያ መራራ ፍሬ እሳትና ጊዜ ሲያገኝ ቀላ፣ ለሰለሰ፣ ጣፈጠ። በሳህን ይዛ፣ እሷ ባቀረበችው ፍሬ ምክንያት ከሁሉ አስቀድማ ወደ አባቷ ቤት ወደተመለሰችው ሙሽራ ሄደች። የዚያች ሴት ፀጉር አሁን ሸብቷል።

ሴትዮዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ሳህኑን አየች፤ ቀጥላም ይርገዱን አየች።

«አሁን መጣሽ?» አለቻት። በሩንም ዘጋችው።

ይርገዱ ሳህኑን ደፉ ላይ አኖረችና ወደ ሁለተኛዋ ቤት መንገድ ጀመረች።

ወገኖቼ፣ በሥዕል ብቻ የምናውቀውን መራራ የቀመሰ ሰው ፊቱን ቢያጨማድድ እንዴት እንፈርድበታለን? ቀምሰን የማናውቀውን መከራ ሌላው እየሳቀ እንዲውጠው ማዘዝ ግፍ ነው። ግፉን የሚሠራው ደግሞ በዙፋን የተቀመጠው ብቻ አይደለም፤ «ሕግ ነው» እያለ ቅርጫቱን የሚያቀርበውም ነው። እውነት ዘግይቶ ቢነገር ለሚመጡት ይጠቅማል፤ ላለፉት ግን በሩን አያስከፍትም። እስቲ እያንዳንዳችን እጃችንን እንይ፦ ከያዝነው ቅርጫት ዘይቱን የምናወጣው ለማን ነው? ሰፈርጀሉንስ ለማን?