አቤት በይ

ከደጋው ጫፍ ተነስቶ ወደ ቆላው በረሃ በሚወርደው ራቁት ተራራ መካከል አንዲት ቀጭን ጅረት አለች፤ ስሟ አቤት በይ ይባላል። አንዳንድ ቦታ አሸዋ ውስጥ ገብታ ትጠፋለች፣ ራቅ ብላ ደግሞ ከቋጥኝ ሥር ብቅ ትላለች፤ የእግር መንገዱም እሷኑ እየተከተለ ከግራር ወደ ግራር ይወጣል። በዚህ መንገድ ላይ ስሙ የተጠራ ሁሉ «አቤት» ይላል። ሽማግሌው ለልጅ ልጁ፣ ባል ለሚስቱ፣ ባላንጣም ለባላንጣው «አቤት» ነው፤ «ወይ» ማለት ነውር ነው፣ ዝም ማለት ደግሞ ከነውርም ያለፈ ነው።

እንደሚነገረው፣ ድሮ በጅረቷ ግርጌ ተሰማ የሚባል ንብ አናቢ ከሚስቱ ከእማዋይሽ ጋር ይኖር ነበር። ስሙ ተሰማ ይሁን እንጂ ሲጠሩት መስማቱን እንጃ። እሱ ሲጠራት እሷ ማድጋ አዝላም ቢሆን «አቤት» ትላለች፤ እሷ ስትጠራው ግን በዘመኑ ወንዶች ወግ «ወይ» ይላል፣ እሱንም ሦስቴ ካስጠራ በኋላ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ይወዳታል፣ ከአዲስ ማር የመጀመሪያውን ቆርሶ የሚያጎርሰው እሷን ነው። አንድ ቀን ታዲያ አምስቴ ጠርታው በስድስተኛው «ወይ! ደግሞ ምን ሆንሽ?» ቢላት ሆድ ባሳት።

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አቤት ስልህ ኖሬአለሁ። ከእንግዲህ ብትጠራኝም አልሰማህ!» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጅረቷን ይዛ፣ ወደ አባቷ አገር ወደ ደጋው ወጣች።

ተሰማ እስኪበርድላት ብሎ ጥቂት ቢቆይም ቤቱ ጭር ሲልበት ተከተላት። መንገዱ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በጅረቷ ሆድ፣ ሌላው በገደሉ ትከሻ ይሄዳል። እሷ ትከሻውን ይዛ ነበር። «እማዋይሽ! ኧረ አቤት በይ!» እያለ ሲጣራ ከላይ ሆና ሰማችው፤ ልትመልስለት ብትፈልግም ኩርፊያዋ በለጠና ዝም አለች። መልስ ያጣው ተሰማ ታች ብትሆን ነው ብሎ ወደ ጅረቷ ሆድ ገባ።

በበረሃው ሰማይ ላይ አንድም ደመና አልነበረም። ዝናቡ የጣለው ደጋ ነው ይባላል፤ ደራሽ ውሃው ድንጋይና ግንድ እያላጋ ሲወርድ እማዋይሽ ከገደሉ ላይ አየችው። «ተሰማ! ውጣ! ውሃ መጣ!» ብትልም የውሃው ጩኸት ድምፅዋን ዋጠው።

ውሃው ሲጎድል እየተንሸራተተች ወርዳ በጭቃው ዳር ዳር ትጣራ ጀመር። አንዴ ጠራችው፣ አሥሬ ጠራችው፤ የገደል ማሚቶ የራሷን ድምፅ መለሰላት እንጂ ሌላ የለም። «እኔው ገደልኩት፤ አንዲት ቃል ነፍጌ ገደልኩት» ብላ ደረቷን መታች፤ ድምፅዋ ቢዘጋም መጣራቱን አልተወችም። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ከዚያው ከሾላው ላይ፣ ጭቃ ከለበሱት ቅርንጫፎች መካከል፣ የሰለለ ድምፅ መጣ።

«አቤት!»

እማዋይሽ እየሳቀችም እያለቀሰችም ከግንዱ ሥር ዘፍ አለች። «ዛሬስ ወይ ብትለኝም ይበቃኝ ነበር» አለችው።

«የዛሬው እንኳ የእኔ አመል አይደለም» አለ ተሰማ ቅርንጫፉን እንዳቀፈ፤ «ውሃው አንስቶ እዚህ ሲሰቅለኝ ራሴን አስቶኝ ነው የዘገየሁት።»

ያንን «አቤት» ያናገረው ፍቅር ነው ይላሉ ሴቶቹ፤ ወንዶቹ ድንጋጤ ነው ይላሉ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ነኝ።

ሾላው ዛሬም አለ። ወጉ የሚጸናው ከጅረቷ ግርጌ እስከ ሾላው ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ባል እንደ ልቡ «ወይ» ማለት ይችላል። ለዚህም ይመስላል የአገሩ ሴቶች ሾላው ጋ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው እግራችን ዛለ ብለው ከውሃው ዳር ቁጭ የሚሉት፤ ቁጭ ብለውም፣ ያለ አንዳች ጉዳይ፣ የባላቸውን ስም ይጠራሉ።