ስም የማይጠራበት ቃሬዛ

አንድ ሰው ነበረ። ቆይ፣ እስክሪብቶውን አስቀምጪው አያልነሽ፤ ይሄ ለፈተና አይመጣም። ጥያቄሽ ግን ከፈተናው ይበልጣል። ዛሬ ሞዳል ቨርብን ከፓሲቭ ቮይስ ጋር ሳስተምር፣ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ «በሽተኛው መወሰድ አለበት» ብዬ ስጽፍ፣ አንቺ ብድግ አልሽና «መምህር፣ የሚወስደው ማን ነው? መስት ቢ፣ ካን ቢ፣ ሹድ ቢ እያለ ሠሪውን የሚደብቅ ቋንቋ የፈሪ ቋንቋ ነው» አልሽኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ፤ ምላስሽን ታውቂዋለሽ። ሳቁ ሲበርድ ግን ይሄ ሰው ትዝ አለኝ።

እና አንድ ሰው ነበረ፤ ሀብታም ገበሬ። ሁለት ጥንድ በሬ፣ የቆርቆሮ ቤት፣ ወንዝ ዳር ለም መሬት ነበረው። አገሩ ገደል ነው፤ መኪና አይገባበትም፤ ጤና ጣቢያው ያለው ከአቀበቱ በላይ ነው። እዚያ ሰው ሲታመም በቃሬዛ ነው የሚሄደው። ሁለት ረጃጅም እንጨት፣ መሐሉ ጠፍር፣ ከሥሩ የሰው ትከሻ።

የዚያ አገር ሰዎች ታዲያ አንድ ወግ አላቸው። ሰው ሲታመም ጠሪው ጉብታው ላይ ይወጣና «ሰው መወሰድ አለበት!» ብሎ ይጮኻል። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። የታመመው ማን እንደሆነ አይናገርም፤ እገሌና እገሌ ኑም አይልም። በሽተኛው እስከ ፊቱ ጋቢ ይለብሳል፤ ጤና ጣቢያው በር እስኪደርስ አይገለጥም። የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይመጣና ትከሻውን ያስገባል። ማን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

ሰውየው ይሄ ነገር ፈጽሞ አይዋጥለትም ነበር። አንድ ቀን በስብሰባ መሐል ተነሥቶ «ይሄ የጅል አሠራር ይቅር» አለ። «ማን እንደታመመ ይነገር፤ ተራው የማን እንደሆነም ይነገር። ለማን እንደምደክም ሳላውቅ ለምን እደክማለሁ?»

አንድ ሽማግሌ ቀና አሉና «ልጄ፣ የበሽተኛውን ስም ብንጠራ ሰዉ ቂሙን ማሰብ ይጀምራል። የተሸካሚውን ስም ብንጠራ ደግሞ ያልተጠራው እፎይ ብሎ ይቀመጣል። ተወው፣ እንዲሁ ይሻላል» አሉት። እሱ ግን ለንቦጩን ጥሎ ተቀመጠ። አልፈርድበትም፤ ጥያቄው ያንቺው ጥያቄ ነው።

ይሄ ሰው ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተጣልቷል። «ገፋኸኝ» «አንተ ነህ የገፋኸኝ» ሲባባሉ ሰላምታ ከተዉ ቆይተዋል። አንድ የእርሻ ወቅት፣ በገበያ ቀን፣ ጠሪው ጮኸ። ሰውየው በሬዎቹን ጠምዶ ያርስ ነበር። በዚያ የሚያልፍ አንድ አፉ የማያርፍ መንገደኛ «የጎረቤትህ ሚስት ናት፤ ምጥ ጠንቶባታል» አለው። ሰውየው ትንሽ ቆመ። ከዚያ ጅራፉን አነሣና በሬዎቹን ነዳ።

ወንዱ አብዛኛው ገበያ ሄዷል፤ የመጣው ትከሻ ትንሽ ነበር። ቃሬዛው አቀበቱ ላይ እየቆመ፣ እያረፈ፣ ሲዘገይ ሲዘገይ ደረሰ። ሴትዮዋ ተረፈች፤ ሕፃኑ ግን አልተረፈም። ማን እርሻው ላይ እንደቀረ አገሩ በሙሉ ያውቃል። አንድም ሰው ግን፣ የሕፃኑ አባትም ቢሆን፣ ቃል አልተነፈሰበትም።

ክረምቱ ገባ። አንድ ማለዳ ሰውየው ሆዱን ይዞ ወደቀ። አንጀቱ ተጠላልፎ ሆዱ ተነፍቷል፤ ላብ ያጠምቀዋል። እስከ ቀትር ሐኪም ካላየው እንደሚሞት ሚስቱም ገባት፣ እሱም ገባው። ቃሬዛው መጣ፤ አጋደሙትና የገዛ ጋቢውን እስከ ፊቱ አለበሱት። ከዚህ በኋላ ያለውን ራሱ ነው የነገረኝ፤ እኔም እንደሰማሁት ነው የምነግርሽ።

ጋቢው ሥር ሆኖ ጠሪውን ሰማው። ያው ጥሪ ነው፣ «ሰው መወሰድ አለበት!» «ያን ጊዜ ከሕመሙ ይልቅ ፍርሃቱ ገደለኝ» አለኝ። «ጎረቤቶቼ ቃሬዛው ከማን ደጅ እንደቆመ ያያሉ። ለእኔ ማን ይመጣል? አንድም ሰው አይመጣም አልኩ።»

ከዚያ ኮቴ ሰማ። ጭቃ የሚረግጥ፣ የሚሮጥ ኮቴ፤ ከላይ በኩል፣ ከታች በኩል፣ ከወንዙ ማዶ ውኃ እየተንቦጫረቀ። «ቀኙን ለእኔ!» «ያዝ፣ ያዝ!» «በስመ አብ በሉ፣ ብድግ!» ማን ነው ያለ አልነበረም። እና ከመሬት ተነሣ። «ከመሬት ተነሣሁ፤ ማን እንዳነሣኝ አላየሁም። እግዚአብሔር በገዛ እጁ ያነሣኝ መሰለኝ» አለኝ።

አቀበቱ ላይ ዝናቡ ባሰ። አንዱ ተሸካሚ አዳለጠውና ቃሬዛው ወደ ገደሉ አዘነበለ። ሰው ጮኸ። ወዲያው አንድ ትከሻ ከኋላ በኩል ገብቶ ክብደቱን ለብቻው ቻለና «አትልቀቁ! ይዤዋለሁ፣ አትልቀቁ!» አለ። በሽተኛው ድምፁን ለየው። ድንበር ላይ ቆሞ ስንት ጊዜ የጮኸበት ድምፅ ነው! ጎረቤቱ ነው። የሕፃኑ አባት።

ከበታቹ ገደል፣ ገደሉ ሥር የሞላ ወንዝ። «መንገድ ላይ የገባ ከሆነ ማን መሆኔን አያውቅም፤ እኔ መሆኔን ካወቀ ግን ትከሻውን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው የሚበቃው፤ አዳለጠኝ ቢል ማን ይፈርድበታል?» ብሎ አሰበ። ሲያቃስት በድምፁ እንዳያውቀው ጋቢውን ነከሰ። አንጀቱ እየተቆረጠ ጋቢውን ነክሶ ዝም አለ። ሌሎቹ «ልቀበልህ፣ ደከመህ እኮ» ሲሉት ጎረቤቱ «ቆዩ፣ አቀበቱን ልጨርሰው» ይል ነበር። አቀበቱን ጨረሰው።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ቃሬዛው ወረደ፤ ጋቢውም ተገለጠ። ሁለቱ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። የጎረቤቱ ትከሻ ተልጦ ሸሚዙ ላይ ደም ነበር። በሽተኛው አለቀሰ። «እኔ መሆኔን ብታውቅ ኖሮ…» አለ።

«አውቄያለሁ» አለ ጎረቤቱ። «ከደጅህ ጀምሮ አውቄያለሁ። አጥር ለአጥር እየኖርን ጋቢህን የማላውቅ መስሎህ ነው?»

«ታዲያ እንዴት…?»

«አልተነገረኝማ!» አለ። «ስምህ ተጠርቶ ቢሆን ልጄ ዓይኔ ላይ ይመጣ ነበር፤ እግሬም አይነሣልኝም ነበር። የተጠራው ግን ሰው ነው። ሰው መወሰድ አለበት ተባለ፤ ሰው ወሰድኩ።» ይሄን ብሎ ጭቃውን ከእግሩ ጠረገና አቀበቱን ተመልሶ ወረደ።

ሐኪሞቹ ደረሱለት፤ ሰውየው ዳነ። ታረቁ ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፣ እሱን አልነገረኝም። አንድ ነገር ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ቤቱ ተቀምጠን ስንጫወት ጠሪው ጮኸ፤ ሰውየው በአፉ የያዘውን ጉርሻ እንኳ ሳይውጥ ወጣ። እኔ እንግዳው «ማን ታሞ ነው?» ብዬ ብጠይቅ ሚስቱ በቁጣ አየችኝ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ እንመለስ። ፈሪ በዚህ አረፍተ ነገር አይደበቅም አልልሽም። ቢሮ ስትሄጂ «ጉዳዩ ይታያል» ይሉሻል፤ ማን እንደሚያየው የሚያውቅ የለም። እሱ መደበቅ ነው፤ እዚያ ላይ ስትስቂ አብሬሽ እስቃለሁ። እንግሊዝኛው ራሱ ከፈለግሽ መጨረሻው ላይ «ባይ»፣ ማለትም «በእገሌ»፣ ብለሽ የሠሪውን ስም እንድትጨምሪ ይፈቅድልሻል። ግን አያስገድድሽም። መስት ግድ ነው ይላል፣ ካን ይቻላል ይላል፣ ሹድ ይገባል ይላል፤ በማን የሚለውን ክፍት ይተወዋል። ልክ እንደዚያ ጠሪ። ጠሪው ተሸካሚ ስለሌለው አይደለም ስም ያልጠራው፤ ጠላትም እንኳ መግባት እንዲችል በሩን ክፍት መተዉ ነው።

አንቺ ጤና ኮሌጅ ገብተሽ ነርስ መሆን የምትፈልጊ ልጅ ነሽ። አንድ ቀን ቃሬዛ ደጅሽ ይደርሳል፤ ጋቢው ሥር ያለው ማን እንደሆነ አታውቂም፤ ምናልባት የማትወጂው ሰው ይሆናል። በይ አሁን እስክሪብቶሽን አንሺ። በሽተኛው መወሰድ አለበት። በማን የሚለውን ባዶውን ተይው አያልነሽ፤ ያ ባዶ ቦታ ያንቺ ትከሻ የሚገባበት ነው።