የባቡር ነጂው ፊሽ

በአንድ ወቅት፣ የድሬዳዋ ሰው የባቡሩን ጩኸት ሰምቶ ሰዓቱን በሚያስተካክልበት በዚያ ደግ ዘመን፣ የባቡር ሠራተኞች አንድ ክበብ ነበራቸው። ክበቡ በየዓመቱ በዓሉን ሲያከብር የመታሰቢያ ፊሽ ያስቀርጽ ነበር፤ ካርታ ሲጫወቱ በገንዘብ ፈንታ ጠረጴዛ ላይ የሚያኖሯትን ያቺን ክብ ነገር። በአንደኛው ዓይነት ላይ የክበቡ ዓርማ፣ በሌላኛው ላይ በዚያ ዓመት ጡረታ የወጣው ሠራተኛ ፊት ይቀረጻል። ባለ ዓርማው ይሸጣል። ባለ ፊቱ ግን በሌላ ባለ ፊት ይለወጣል እንጂ አይሸጥም። ያኔ ሰው ቁማር ሲጫወት እንኳ ይሉኝታ ነበረው።

ባቡሩ ቆመ፤ ክበቡም ተዘጋ። የሦስት ሠራተኞች ልጆች የሆኑት ዘነበወርቅ፣ ኢድሪስና ሀብቴ ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ዳር ጨርቅ አንጥፈው ባለ ዓርማውን ይሸጡ፣ ባለ ፊቱን ይሰበስቡ ጀመር። ከሃያ አራቱ ፊቶች ሃያ ሦስቱ ተገኙ። የጎደለው የዘነበወርቅ አባት፣ የባቡር ነጂው አቶ ወልደሰንበት ነበር። ፎቶግራፎቹን ጎርፍ ወስዷቸዋል። የአባቷ መልክ ከዓመት ዓመት እየደበዘዘባት ሲሄድ ዘነበወርቅ ትፈራ ነበር።

ኢድሪስ አላረፈም። የክበቡ ገንዘብ ተቀባይ የነበሩትን እትዬ ተዋበችን ዘጠኝ ዓመት አፈላልጎ ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ባለችው ሽንሌ አገኛቸው። ሦስቱም ሄዱ። አሮጊቷ ከአልጋቸው ሥር ባለ ፊት ፊሾች የሞሉበት አንድ ከረጢት አወጡ።

«እነዚህማ ተፍቀው አልቀዋል» ብሎ ኢድሪስ ሊነሣ ሲል፣ ዘነበወርቅ አንዷን አንሥታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻት። አባቷ ቆቡን ወደ ግራ ጆሮው ያዘነብል ነበር። ፊቱ ቢጠፋም የቆቡ ጠርዝ አልጠፋም።

«አባዬ ነው!» አለችና አለቀሰች።

«ፊት የሚለወጠው በፊት ነው ልጆቼ» አሉ እትዬ ተዋበች፣ ከረጢቱን እያሰሩ። «ክበቡ ቢዘጋም ሕጉ አልተዘጋም።»

ያን ጊዜ ሀብቴ እጁን ኪሱ ከተተ። የአባቱ ፊሽ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እዚያው ነበረች። ስብስቡ ውስጥ ሌላ የአባቱ ፊት አለ፤ ይቺን ግን ሽማግሌው እስኪሞት ድረስ በእጁ ሲያሻት ኖሯል። «እንኩ አቦ!» ብሎ ሰጠ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? መንገድ ላይ እጁ ኪሱን ዳሰሰ፣ ባዶ ሆነበት። ከተማ ሳይደርሱ ሀብቴ ቆመ።

«ይቺን ፊሽ ስጡኝና ልመልሳት። አሮጊቷ ሳይሞቱ የኔን አባት ላስመልስ።»

«እብድ ነህ እንዴ?» አለ ኢድሪስ። «የባቡር ጣቢያው ኃላፊ ስብስቡ ሙሉ ከሆነ ብቻ ነው በመስታወት አድርጎ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው። ያለሷ ሃያ ሦስቱን አባቶች ማን ያያቸዋል? ለዚህ ነው ዘጠኝ ዓመት የለፋሁት።»

ዘነበወርቅ ፊሿን አጥብቃ ያዘች። «አባቴን በመስታወት ውስጥ እንደ እንግዳ ልጎበኘው?» አለች። ቢሆንም የሁለቱን ውለታ አልካደችም። ያለ ኢድሪስ እዚያ ቤት ባልደረሰች፤ ያለ ሀብቴም ባዶ እጇን በተመለሰች። እነሱም ያለሷ አውራ ጣት ከረጢቱን ትተው በሄዱ ነበር።

እዚያው መንገድ ዳር ቆመው ሲከራከሩ ትቻቸዋለሁ። እናንተ ፍረዱ፦ ፈልጎ ላገኘው፣ ለይታ ላወቀችው፣ ወይስ አባቱን ለሰጠው? ፊሿ ለማን ትሰጥ?